ነጭ ሽንኩርቱ ወይስ የጎደሉት ዓሦች? በጅማ አቅራቢያ በአንድ የአምባዛ እርባታ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከጅማ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ በሁለት ኩሬዎች አምባዛ የሚያረቡ አንድ የቡና ገበሬን ነው። ጥያቄው እኚህ ገበሬ በዓሣ መኖ ላይ የጨመሩት ነጭ ሽንኩርት ዓሦቹን በእርግጥ አሳድጓል ወይስ አላሳደገም የሚል ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነጭ ሽንኩርት የተሰጠው ኩሬ ዓሣ ካልተሰጠው ኩሬ ዓሣ ጋር ሲነጻጸር ትልቅነቱ በዓይን ይለይ ነበር፤ ይህንንም ባለቤቱ፣ ጎረቤቶቻቸውና ሊጎበኝ የመጣው የልማት ሠራተኛ ሁሉም አይተዋል። ይሁን እንጂ ብልጫው ከየት እንደመጣ ሲመረመር መልሱ የተገኘው መኖው ውስጥ ሳይሆን በምርት ማንሻው ቀን በኩሬው ውስጥ በቀሩት ዓሦች ቁጥር ላይ ነው። ዕፅዋትን ለዓሣ መኖ ማሟያነት የሚሞክር ሰው ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ጉዳይ በመሆኑ ሂደቱን በዝርዝር እናሰፍራለን። የባለቤቱንም ሆነ የቀበሌውን ስም አንጠቅስም።

የአካባቢው ሁኔታ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ዝናብ የማይነፍጋት ከተማ ናት። ለቡና የተመቸው ይህ አየር ለአምባዛ ያን ያህል የተመቸ አይደለም። አምባዛ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ሲሆን ነው፤ በጅማ ዙሪያ ባሉ ኩሬዎች ግን በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሰማዩ ደመና ለብሶ ሲከርም፣ ውሃው ከዚህ በታች ይወርዳል፤ የዓሣውም የመብላት ፍላጎት አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ በሞቃትና ዝቅተኛ አካባቢ የተገኘን የዕድገት ፍጥነት እንዳለ ወስዶ የጅማን ኩሬ በዚያ መለካት ገና ከጅምሩ ያሳስታል።

ሁለቱ ኩሬዎች በእጅ የተቆፈሩ፣ ስፋታቸው ተቀራራቢ የሆነ፣ ከአንድ ትንሽ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ የሚሞሉ ናቸው። አንደኛው ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ በዚህ ጽሑፍ የላይኛውና የታችኛው እያልን እንጠራቸዋለን። የአካባቢው ቀይ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ባለቤቱ ኩሬውን ከመሙላታቸው በፊት ኖራ ይነሰንሳሉ፤ ይህ ብዙዎች የሚዘሉት ተገቢ ሥራ ነው።

ውሃውን በተመለከተ በጅማ ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ወቅት አለ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የቡና ለቀማው ሲደራ ከእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ወንዞች ይገባል፤ በውስጡ ያለው ስኳርና ልጣጭ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በሚያልቅበት ውሃ ውስጥ እንኳ ወደ ላይ ብቅ እያለ ሊቆይ ይችላል። መቆየት ግን ማደግ አይደለም፤ ኦክስጅን ባነሰው ውሃ ውስጥ ዓሣው መኖውን ይተዋል፤ አየር ለመጉረስ ሲመላለስም ጉልበቱን ይጨርሳል። ባለቤቱ ይህን ከልምድ ስለሚያውቁ በለቀማ ወራት የቦዩን አፍ ይዘጋሉ።

መኖውና ነጭ ሽንኩርቱ

በመጀመሪያው ዙር ዓሦቹ ይመገቡ የነበረው እኩል በእኩል የተቀላቀለ የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ነበር። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ያህል፣ ፉርሽካ ደግሞ 16 በመቶ ያህል ፕሮቲን ስለሚይዙ ድብልቁ 23 በመቶ ገደማ ይሆናል። በማደግ ላይ ያለ አምባዛ የሚያስፈልገው ግን ከ35 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ነው። አምባዛ በተፈጥሮው ያገኘውን የሚበላ፣ ለሥጋ የሚያደላ ዓሣ ሲሆን በኩሬው ውስጥ ትል፣ ነፍሳትና የእንቁራሪት ጫጩት እያደነ ጉድለቱን በከፊል ይሞላል፤ ዓሣው ሲበዛና ሲያድግ ግን ኩሬው በራሱ የሚያፈራው ምግብ አይበቃም።

በሁለተኛው ዙር ባለቤቱ ነጭ ሽንኩርት ዓሣ ያሳድጋል የሚል ወሬ ሰሙ። ወሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2006 ጀምሮ ለዕድገት ማፋጠኛ ተብለው በእንስሳት መኖ ውስጥ የሚጨመሩ አንቲባዮቲኮችን ሙሉ በሙሉ ካገደ ወዲህ፣ እነርሱን ሊተኩ የሚችሉ ዕፅዋትን መፈለግ በዓለም ዙሪያ የመኖ ተመራማሪዎች ዋነኛ ሥራ ሆኗል። በአምባዛ ላይም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ቅጠል በተደጋጋሚ ተሞክረዋል። ነጭ ሽንኩርት ሲፈጭ አሊሲን የሚባል ጠንካራ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ይህም በአንጀት ውስጥ ያሉ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል፤ ሽታው ደግሞ ዓሣውን ወደ መኖው ይስባል። አብዛኞቹ ሙከራዎች የሚጠቀሙት ከ100 ኪሎ መኖ ውስጥ ከግማሽ እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን ዱቄት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር ጥቅሙ እየቀነሰ፣ አንዳንዴም ዕድገትን እየጎዳ ይሄዳል።

ባለቤቱ መጀመሪያ ያሰቡት ዝንጅብል ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 አካባቢ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል የተዛመተው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ብዙዎችን ከዝንጅብል ልማት ስላስወጣ፣ እርሳቸውም ማሳቸው ውስጥ መትከል ትተው ነበር። ነጭ ሽንኩርት ግን ከገበያ ይገኛል። ስለዚህ ከ100 ኪሎ መኖ አንድ ኪሎ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ሒሳብ ለላይኛው ኩሬ እየጨመሩ፣ የታችኛውን በነበረበት መኖ አስቀጠሉ። ያለ ማሟያ የሚመገብ ማነጻጸሪያ ኩሬ ማስቀረታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙ ሰው ያለውን ሁሉ በአንዴ ለውጦ ውጤቱን በግምት ይናገራል።

ዓሣው ሲነሣ የላይኛው ኩሬ አምባዛ ከታችኛው በአማካይ በአንድ ሦስተኛ ያህል ከብዶ ተገኘ። ባለቤቱ ለሚቀጥለው ዙር ብዙ ነጭ ሽንኩርት ለመግዛት፣ ጎረቤቶቻቸውም ተመሳሳይ ለማድረግ ተነሡ። የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ግን እንደ ወቅቱ የሚንር በመሆኑ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ጉዳዩ እንዲታይ ባለቤቱ ራሳቸው ጠየቁ፤ የእኛም ሥራ የተጀመረው በዚህ ነው።

ደብተሩ ምን ይላል?

ባለቤቱ የሽያጭ ደብተር ይይዛሉ። ደብተሩ የቡናውንም፣ የወተቱንም፣ የዓሣውንም አንድ ላይ ስለያዘ ለመለየት ጊዜ ወስዷል፤ ዋናው ነገር ግን እዚያው ውስጥ ነበር። ከየኩሬው የተሸጠው ጠቅላላ ኪሎ ሲደመር፣ ትልልቅ ዓሣ የወጣበት የላይኛው ኩሬ ከታችኛው ያነሰ ዓሣ ሰጥቶ ተገኘ። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ወደ ሁለቱም ኩሬዎች የገቡት ጫጩቶች ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ከላይኛው የወጣው የገባውን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

ይህ ለአማካይ ክብደት ምን ትርጉም እንዳለው ለማስረዳት ያህል ቁጥሮቹን አጠጋግተን እንያቸው። ወደ እያንዳንዱ ኩሬ 300 ጫጩት ገባ እንበል። ከላይኛው 150 ዓሣ እያንዳንዱ 400 ግራም ሆኖ ቢወጣ ጠቅላላው 60 ኪሎ ነው። ከታችኛው 250 ዓሣ እያንዳንዱ 300 ግራም ሆኖ ቢወጣ ጠቅላላው 75 ኪሎ ይሆናል። አንድ ዓሣ በእጅ ይዞ ለሚያይ ሰው የላይኛው ኩሬ አሸንፏል፤ በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ግን ተሸንፏል። መኖውም ወደ ሒሳቡ ሲገባ ሁኔታው ይባስ ግልጽ ይሆናል። ባለቤቱ መኖ ይሰጡ የነበረው በዓሣው ክብደት መጠን ሳይሆን ለየኩሬው እኩል ባልዲ እየለኩ ነበር። ለእያንዳንዱ 150 ኪሎ መኖ ተሰጠ ብንል፣ በላይኛው ኩሬ ለተረፈው አንድ ዓሣ አንድ ኪሎ መኖ ደርሶታል፤ በታችኛው ደግሞ 600 ግራም ብቻ። አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘትም በላይኛው 2.5 ኪሎ፣ በታችኛው 2 ኪሎ መኖ ወጥቷል ማለት ነው። የላይኛው ኩሬ ዓሦች ነጭ ሽንኩርት ባይቀምሱም ኖሮ በዚህ ድርሻ መወፈራቸው አይቀርም ነበር።

የጎደሉት ዓሦች የት ገቡ? ለዚህ ሦስት ምክንያቶች ታሰቡ። ዓሣ በል ወፎች በሁለቱም ኩሬዎች ላይ እኩል ስለሚያንዣብቡ ልዩነቱን አያስረዱም። አምባዛ በዝናባማ ሌሊት በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ከኩሬ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ወንዝ ሊሄድ መቻሉ የታወቀ ነው፤ የላይኛው ኩሬ ግድብም በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ስለነበር የተወሰኑት በዚያ ወጥተው ሊሆን ይችላል። ዋናውን ድርሻ የምንሰጠው ግን ለሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም እርስ በርስ ለመበላላት ነው።

ለዚህ ያበቃን የጫጩቶቹ አገባብ ታሪክ ነው። ጫጩቶቹ በኦክስጅን በተሞሉ የፕላስቲክ ከረጢቶች ከመጡ በኋላ ባለቤቱ ጥሩ ጥሩ የሆኑትንና እኩያ የሆኑትን በመጀመሪያ ቆጥረው ወደ ታችኛው ኩሬ አስገቡ፤ የቀሩት፣ ትንሹም ትልቁም የተቀላቀሉት፣ ወደ ላይኛው ገቡ። የአምባዛ ጫጩቶች መካከል ከሌሎቹ ፈጥነው የሚመዘዙ ጥቂቶች ሁልጊዜ አይጠፉም። እነዚህ በመጀመሪያ የትንንሾቹን ጭራ ይነክሳሉ፤ አፋቸው ሲሰፋ ደግሞ ሙሉውን ይውጣሉ፤ የዋጡት ሥጋ ይበልጥ ስለሚያሳድጋቸው ልዩነቱ በየሳምንቱ ይሰፋል። መኖው ፕሮቲን ሲያንሰው ይህ ጠባይ ይብሳል።

ጥርጣሬያችንን ለማረጋገጥ በላይኛው ኩሬ ለቤት ከቀሩት ጥቂት ዓሦች መካከል ትልቁ በመረብ ተያዘ። አምባዛን መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ቅርፊት የሌለው ሰውነቱ ያዳልጣል፤ በጎንና ጎኑ ባሉት የፊት ክንፎቹ ጫፍ ያለው የመጋዝ ጥርስ ያለው እሾህ ደግሞ ያልተጠነቀቀን መዳፍ ይሰነጥቃል። የኩሬው ሠራተኛ ወጣት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ይዞ ሆዱን ሲከፍተው፣ በጨጓራው ውስጥ ከኑግ ፋጉሎው ቅሪት ጋር ጢሙ ገና ያልተፈጨ የሌላ አምባዛ ጭንቅላት ተገኘ። ልጁ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይኼኛው እኮ ወንድሙን ነው የበላው» አላቸው። ባለቤቱም ጥቂት ካዩት በኋላ «ታዲያ ነጭ ሽንኩርቱን ለምኑ ነው የገዛሁት?» ብለው ሳቁ። በአንድ ዓሣ ሆድ ብቻ ድምዳሜ ላይ አይደረስም፤ ነገር ግን የመጠን ልዩነቱ፣ የቁጥሩ መጉደልና ከሽያጩ በፊት በላይኛው ኩሬ የታዩት ጭራቸው የተነከሰ ዓሦች ተደምረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ።

እዚህ ላይ ስለ ምርምር ጽሑፎች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት አምባዛን አሳደገ የሚሉ ሙከራዎች ባብዛኛው የተካሄዱት በገንዳ ውስጥ፣ በሞቀ ውሃ፣ በመጠን ተለይተውና ተቆጥረው በገቡ ጫጩቶች፣ ፕሮቲኑ በተሟላ መኖ ነው። የሞቱትና የጎደሉት በየጊዜው ይመዘገባሉ። ከዚያ ውስጥ «ነጭ ሽንኩርት አንድ በመቶ» የሚለውን ብቻ መዝዞ ወደ ገበሬ ኩሬ ማምጣት፣ ውጤቱ የቆመባቸውን ነገሮች ሁሉ እዚያው ትቶ መምጣት ነው። በእኛ ዕይታ በየሥልጠናው የሚሰጡ አጫጭር ምክሮች ትልቁ ችግር ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዙር፦ በአንድ ኩሬ ውስጥ ስድስት የመረብ ሳጥኖች

ሁለት ኩሬ በራሱ ሁለት ዓለም ነው፤ ውሃቸው፣ ጥላቸው፣ የውስጥ ምግባቸው ይለያያል። ስለዚህ ቀጣዩ ሙከራ በታችኛው ኩሬ ብቻ፣ ሃፓ በሚባሉ በእንጨት ካስማ የሚወጠሩ የመረብ ሳጥኖች ውስጥ እንዲሆን ተደረገ። በሁለቱ የቀድሞው መኖ፣ በሁለቱ የተሻሻለ መኖ፣ በቀሩት ሁለት የተሻሻለ መኖ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተሰጠ። እያንዳንዱን መኖ በሁለት ሳጥን መሞከር ያስፈለገው፣ አንድ ዓይነት መኖ በበሉ ሁለት ሳጥኖች መካከል በራሱ ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈጠር ለማየት ነው። መረቦቹ ከውሃው በላይ ብዙ ከፍ ብለው ተወጠሩ፤ አምባዛ ዘሎ እንዳያመልጥ ከላይ ቢሸፈንም፣ በሽፋኑና በውሃው መካከል አየር መኖር አለበት፤ ወደ ላይ ወጥቶ መተንፈስ ካልቻለ አምባዛ ውሃ ውስጥ ይታፈናል።

የተሻሻለው መኖ የተዘጋጀው አካባቢው ከሚያቀርበው ነው። ከ100 ኪሎ ውስጥ 45 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 25 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 15 ኪሎ የዓሣ ተረፈ ምርት ዱቄትና 15 ኪሎ ፉርሽካ ነበር። አኩሪ አተሩ 37 በመቶ፣ የዓሣ ዱቄቱ 50 በመቶ ያህል ፕሮቲን አለው ብለን ስናሰላ ድብልቁ ከ32 በመቶ በላይ ይደርሳል። አኩሪ አተር ጥሬውን ከተሰጠ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው እንደ ቆሎ መቆላቱ ግዴታ ነው። የዓሣ ዱቄቱ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2004 ኃይል ማመንጨት ከጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ተጠምዶ ለገበያ ከሚወጣው ዓሣ ላይ የሚጣለው ጭንቅላትና አጥንት ነው፤ ይህም ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይገባል። ድብልቁ በውሃ ታሽቶ፣ በእጅ በሚዞር የሥጋ መፍጫ ተገፍቶ፣ በጥላ ደርቆ ተሰባበረ። በቀድሞው አሠራር ግን ዱቄቱ እንዳለ ይበተን ስለነበር፣ ከግማሹ የማያንስ መኖ ዓሣው አፍ ሳይደርስ ውሃ ውስጥ ይቀልጥ እንደነበር ኩሬው ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል።

ነጭ ሽንኩርቱ የሚጨመርበት መንገድም ተለወጠ። አሊሲን በሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ሲደቅቅ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው የሚፈጥሩት ነው፤ ሳይደቅቅ በእሳት ከተነካ ይህ ሂደት ይቆማል። ቀደም ሲል ባለቤቱ ዱቄቱን ያዘጋጁ የነበረው ሙሉውን ፍሬ ቀቅለው ካደረቁ በኋላ በመፍጨት ስለነበር፣ የገንዘባቸው ትልቁ ክፍል በእንፋሎት ወጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሁን ትኩሱ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ከጥቂት የኑግ ዘይት ጋር ተለውሶ በደረቀው መኖ ላይ ይታሻል፤ የሚዘጋጀውም ለጥቂት ቀን የሚበቃው ብቻ ነው። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ አንድ ኪሎ ዱቄትን ለመተካት ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ትኩስ ያስፈልጋል፤ ወጪውን ለሚያሰላ ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ጫጩቶቹ በመጠን ተለይተው፣ ተቆጥረው፣ ውሃ ባለበት ባልዲ ተመዝነው ገቡ። መኖ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ፣ በዓሣው ጠቅላላ ክብደት መጠን ተሰጠ፤ አምባዛ ጨለማ ወዳድ በመሆኑ ትልቁ ድርሻ የማታው ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ እየተመዘነ መጠኑ ተስተካከለ፤ ከሌሎቹ የተመዘዙትም እየተለዩ ወጡ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የተገኘው ውጤት ይህን ይመስላል። የተሻሻለውን መኖ የበሉት አራት ሳጥኖች፣ ነጭ ሽንኩርት ይኑረውም አይኑረው፣ የቀድሞውን መኖ ከበሉት በግልጽ በልጠዋል፤ የሞተውና የጎደለውም በጣም ጥቂት ነበር። ነጭ ሽንኩርት ባለውና በሌለው መካከል የታየው ልዩነት ግን፣ አንድ ዓይነት መኖ በበሉ ሁለት ሳጥኖች መካከል ከታየው ልዩነት ያነሰ ሆነ። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱን ለነጭ ሽንኩርቱ መስጠት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ተስተውሏል፤ ነጭ ሽንኩርት ያለበት መኖ ሲጣል ዓሦቹ ቶሎ ይሰበሰባሉ፤ የሚተርፈውም ያንሳል። ውሃው በቀዘቀዘባቸው ቀናት፣ ሌሎቹ ፊት ሲነሱ፣ ይህ ይበልጥ ይታይ ነበር። ስለዚህ ጥቅሙ ካለ በመኖ ማስበያነቱ በኩል ነው የሚል ግምት አለን።

ባለቤቱ ከነጭ ሽንኩርት ይልቅ የሽፈራው ቅጠል ይሻል እንደሆነ ጠይቀውን ነበር። የሽፈራው ደረቅ ቅጠል 27 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን ያለው በመሆኑ ከቅመም ይልቅ ወደ መኖነት ይጠጋል። ነገር ግን ከ100 ኪሎ ድብልቅ አምስት ኪሎ ፉርሽካ ተነሥቶ በሽፈራው ቢተካ የድብልቁ ፕሮቲን ከፍ የሚለው በግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ከአሥር በመቶ በላይ ሲጨመር ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ታኒንና መሰል ንጥረ ነገሮች መፈጨትን ይጎዳሉ። ሽፈራው በብዛት የሚበቅለው እንደ ኮንሶና አርባ ምንጭ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች በመሆኑ ወደ ጅማ ማጓጓዙም ወጪ አለው። ኮንሶ ለሚያረባ ሰው የምንሰጠው መልስ ሌላ ይሆን ነበር።

የቡና ገለባ ጥያቄ

በጅማ ስለ ዕፅዋት መኖ ሲነሣ የቡና ገለባ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በየመፈልፈያው ተከምሮ የሚበሰብሰው ገለባ በነጻ የሚገኝ በመሆኑ ባለቤቱም «ይህን ሁሉ ከምንጥለው ዓሣው ለምን አይበላውም?» ብለው ደጋግመው ጠይቀዋል። መልሳችን አይሆንም የሚል ነው። ገለባውና ልጣጩ ካፌይን፣ ታኒንና ብዙ አሰር ይይዛሉ፤ ፕሮቲናቸውም አነስተኛ ነው፤ በአምባዛና በቆሮሶ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም መጠኑ ሲጨምር ዕድገት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ገለባው ብስባሽ ሆኖ ወደ ቡናው ማሳ ቢመለስ ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ በጅማ እርጥበት የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። የኑግ ፋጉሎ በክረምት መሬት ላይ ከተከመረ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ይህ መርዝ የዓሣውን ጉበት ጎድቶ ዕድገቱን ይገታል፤ በመቀቀልም አይጠፋም። ባለቤቱ የመኖ ማስቀመጫቸውን በእንጨት ርብራብ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ፋጉሎውን ከአንድ ወር ለበለጠ ጊዜ ሳይሆን እንደ ፍጆታቸው መግዛት ጀምረዋል። ከሁለተኛው ዙር የተረፈ፣ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ አንድ ኩንታል ፋጉሎም አስወግደዋል፤ ለላም እንዲሰጥ ያሰበ ዘመድ ነበር፤ መርዙ ወደ ወተቱ እንደሚያልፍ ሲነገረው ተወው።

ባለቤቱ አሁን የሚያደርጉት

ነጭ ሽንኩርት ሙሉ በሙሉ አልተተወም። ባለቤቱ በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ሲቀዘቅዝና ዓሦቹ ተይዘው በመጠን በሚለዩበት ሰሞን ብቻ ለጥቂት ቀናት ይሰጣሉ፤ በተቀረው ጊዜ ለነጭ ሽንኩርት ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለአኩሪ አተር ይውላል። የላይኛው ኩሬ ግድብ በዝቅተኛው ጎኑ ከፍ ተደርጎ ዙሪያው በአሮጌ መረብ ታጥሯል። ጫጩት ሲገባ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳፋ እየተነፋ ይለያል፤ ትልልቆቹ በአንድ ኩሬ፣ ትንንሾቹ በሌላው ይገባሉ።

ስለ ገበያው አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ በአማካይ ክብደት የተማረኩበት ሰበብ እዚያ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማይበሉ ብዙዎች በመሆናቸው የአምባዛ ገዢ ከቆሮሶ ገዢ ይጠብባል፤ ሙስሊሙ በሚበዛበት የጅማ አካባቢ ይህ ችግር ይቀላል እንጂ አይጠፋም። ምግብ ቤቶች ደግሞ ለመገፈፍና ለመቆራረጥ ስለሚቀል ትልቅ አምባዛ ይመርጣሉ። በመሆኑም ባለቤቱ ትልቅ ዓሣ መፈለጋቸው ከንቱ ፍላጎት አልነበረም። ኩሬውን ሆን ብሎ ሳሳ ባለ ቁጥር ሞልቶ ትልልቅ ዓሣ ማውጣት ራሱን የቻለ አሠራር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቁጥሩን የሚወስነው ባለቤቱ እንጂ ዓሦቹ እርስ በርስ ተበላልተው መሆን የለበትም፤ የጠፉት ጫጩቶችም የተገዙበት ዋጋ አለና። በደብተራቸው ላይ ለዓሣው የተለየ ገጽ ተከፍቶ የገባው ቁጥር፣ የሞተው፣ የወጣው መኖና የተሸጠው ኪሎ በየዓምዱ መስፈር ጀምሯል፤ ቀጣዩ የነጭ ሽንኩርት ሙከራም በበጋው፣ ውሃው በሚሞቅበት ወቅት፣ በእነዚያው ስድስት ሳጥኖች እንዲደገም ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል።